የድሮ መኪናችሁ ሾክ ዘይት ቢጎድለው ምን ትሞሉበታላችሁ?

ሞሪስ ማይነሬን በገዛኋት በመጀመሪያው ዓመት የኋላ ሾኮቿ ዘይት ጎደላቸው። የ1966 ሥሪት ናት፣ እዚሁ እንግሊዝ አገር ከአንድ ሽማግሌ ላይ ነው የገዛኋት። ለሞተሯ ከገዛሁት 20ደብሊው-50 ዘይት ተርፎኝ ጥግ ላይ ቆሞ ነበርና «ዘይት መቼም ዘይት ነው» ብዬ ሞላሁት። መስከረም ላይ ምንም አላለችም፣ እንዲያውም ጠንከር ብላ ደስ አለችኝ። ጥር ላይ ውርጭ የጣለ ቀን ጠዋት ከሰፈር ስወጣ፣ የመጀመሪያው ስፒድ ብሬከር ላይ ኋላዋ ብድግ አለና ወደ ጎን ወረደ። ባሌስትራው የተሰበረ መስሎኝ ወርጄ ሥሯ ገባሁ። ባሌስትራው ደህና ነው። ሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት በብርዱ እንደ ማር ረግቶ ክንዱን አላላውስም ብሎት ነው።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓይነት ዘይት ሞክሬአለሁ፣ አንድ ሾክ በገዛ እጄ አበላሽቻለሁ፣ ብዙ የዘይት መረጃ ወረቀትም አንብቤአለሁ። ሰው «ምን ዘይት ልሙላ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም የሚነግረው የሚወደውን ጣሳ ስም ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘይቱ ሾኩ ውስጥ ያለውን የጎማ ማሸጊያ ይበላል ወይ የሚለው ነው። ቀጥሎ ውፍረቱ በቁጥር ስንት ነው? ከዚያ ደግሞ አረፋ ያወጣል ወይ? በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የምንሄደው።

መጀመሪያ ግን ሾካችሁ የሚከፈት ነው?

መኪናው ሥር ገብታችሁ እዩ። እንደ ብስክሌት መንፊያ ረዥም ቱቦ ሆኖ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ የሚወጣ ከሆነ ቴሌስኮፒክ ነው፤ ይህ መመሪያ አይመለከታችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚዞሩት ቮልሶች ሾካቸው እንዲህ ነው። ታሽጎ የሚመጣ ነው፣ ሲያልቅ ይቀየራል፣ በቃ። በድሪል በስቶ ዘይት ልጨምርበት የሚል ሰው አይጠፋም፤ እባካችሁ እንዳትሞክሩት። ጋዝ ያለበት ዓይነት ከሆነ ውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከ20 ባር በላይ ሊጨመቅ ይችላል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር 2 ባር ገደማ መሆኑን አስቡና ፊታችሁን አትርፉ።

እኛ የምናወራው ስለ ክንድ ሾክ ነው። ሁለት ቡጢ የሚያህል የብረት ሳጥን ሻንሲው ላይ በብሎን ይታሰራል፣ ከጎኑ ክንድ ይወጣለታል፣ ክንዱም ከአክሱ ወይም ከባሌስትራው ጋር ይያያዛል። አናቱ ላይ የመሙያ ብሎን አለው። ከ1948 እስከ 1971 የተሠራችው ሞሪስ ማይነር፣ ከ1962 እስከ 1980 የተሠራችው ኤምጂቢ፣ ኤምጂ ሚጀት፣ ኦስቲን-ሂሊ ስፕራይት፣ ሁሉም ይህን ይጠቀማሉ። የእነዚህን ሾክ የሚሠራው አርምስትሮንግ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። ከዚያ የሚቀድሙም አሉ። ከ1928 እስከ 1931 የተሠራው ፎርድ ሞዴል ኤ ሁዳይ የሚባለውን ክብ የክንድ ሾክ ይዞ ነበር የሚወጣው። እሱ ፈሳሹም ለየት ያለ ስለሆነ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እዚያ ሳጥን ውስጥ ዘይቱ ምን ይሠራል?

መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ክንዱ ይነሳል። ክንዱ የታሰረበት ዘንግ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ፒስተኖችን እንደ ሚዛን ጫፍና ጫፍ ያንቀሳቅሳል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ፒስተኑ የገፋው ዘይት በስፕሪንግ በተያዘ ጠባብ ቫልቭ ውስጥ ተገፍቶ ያልፋል። ዘይቱ በዚያች ጠባብ መንገድ ለማለፍ ሲታገል የባሌስትራው እንጣጥ እንጣጥ ይበርዳል፣ ጉልበቱም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኮረኮንች መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ሾኩን ብትነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ዘይቱ ቀጥኖ ከሆነ ቫልቩን እንደ ውሃ ያልፈዋል፣ መኪናዋም እንደ ጀልባ ትዋኛለች። ወፍሮ ከሆነ ደግሞ ሾኩ እንደ በትር ይደርቅና ግጭቱ ሁሉ ወደ ክንዱ፣ ወደ ማያያዣ ጎማዎቹና ወደ ወገባችሁ ይሄዳል። በተጨማሪም ይኸው ዘይት ፒስተኖቹንና ዘንጉን ማለስለስ አለበት። ሌላ ቅባት እዚያ ውስጥ የለም።

ፋብሪካው ምን ብሎ ነበር?

የአርምስትሮንግ ሾክ ያላቸው የዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ «አርምስትሮንግ ሱፐር ቀጭን የሾክ ዘይት ቁጥር 624» ሙሉ ይላል። ይህ ካልተገኘ ጥሩ ኤስኤኢ 20/20ደብሊው (ኤስኤኢ የሞተር ዘይት የውፍረት ሚዛን ነው) የማዕድን ዘይት፣ ማለትም ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ዘይት፣ ይተካል፣ ነገር ግን ይህ ምትክ ለብርድ አገር አይሆንም ብሎ ያስጠነቅቃል። የእኔ የጥር ጣጣ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ከ20 አልፌ 20ደብሊው-50 ሞልቻለሁ። መጽሐፉን ያነበብኩት ከተበላሸ በኋላ ነው። የሐበሻ ልጅ መመሪያ የሚያነበው መቼ ነው?

ከዚህች አጭር ማስታወሻ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የማዕድን ዘይት ነው የተባለው። ሁለተኛ፣ መነሻ ቁጥሩ 20 ነው። የእናንተ መኪና ሌላ ከሆነ የራሷን መመሪያ ፈልጉና እነዚህኑ ሁለት ነገሮች አውጡ፤ የፈሳሹን ዓይነትና የውፍረቱን ቁጥር።

ደረጃ 1፦ ከጎማው ጋር ይስማማል?

በክንዱ ዘንግ ላይ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዝ ኦይል ሲል አለ። ለማዕድን ዘይት የሚሠራ ኦይል ሲል አብዛኛውን ጊዜ ናይትራይል ጎማ ነው። ለፍሬን ዘይት የሚሠራው ደግሞ የተፈጥሮ ጎማ ወይም ኢፒዲኤም ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አይስማሙም። ኢፒዲኤምን ማዕድን ዘይት ውስጥ ብታስቀምጡት እንደ ዳቦ ያብጣል። ናይትራይልንም ዶት 3 ወይም ዶት 4 ፍሬን ዘይት ያበላሸዋል።

ስለዚህ ፍሬን ዘይት በአርምስትሮንግ ሾክ ውስጥ አይገባም። ይህን ደጋግሜ የምለው አዲስ አበባም ሆነ እዚህ «ሃይድሮሊክ እኮ ነው፣ ፍሬን ዘይት ጨምርበት» የሚል መካኒክ ስለገጠመኝ ነው። በጣም ቀጭን ነው፣ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ከፈሰሰም የመኪናችሁን ቀለም ይልጣል። ያበላሸሁት ሾክ ያልኳችሁም በዚሁ ምክር ነው የሄደው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በዘንጉ ዙሪያ ያንጠባጥብ ጀመር፣ ሳወጣው ሲሉ ለስልሶ በጥፍር ይቆረስ ነበር።

ቀለም አይቶ መወሰንም አይቻልም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው፣ ማዕድን ዘይት ነው። የቀድሞዎቹ ሲትሮኤን ዲኤስ መኪኖች ሃይድሮሊክ ፈሳሽም ቀይ ነበር፣ ግን ማዕድን አልነበረም። በኋላ ኩባንያው ወደ አረንጓዴው ኤልኤችኤም ማዕድን ዘይት ሲዞር ጎማዎቹንም አብሮ መቀየር ነበረበት። አንዱን በሌላው ቦታ የሞላ ሰው የመኪናውን ሃይድሮሊክ በሙሉ ፈቶ ጎማ ሲቀይር ይከርማል።

የሞዴል ኤ ሁዳይ ሾክ ለየት ይላል ያልኳችሁ ደግሞ ግሊሰሪን ስለሚሞላ ነው፤ ለብርድ ጊዜ ትንሽ አልኮል ይቀላቀልበት ነበር። ንጹሕ ግሊሰሪን በጣም ወፍራም ነው። ከ20 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ውፍረቱ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፣ ውሃም ይስባል። ያ ሾክ የተሠራው ለወፍራም ፈሳሽ ስለሆነ የአርምስትሮንግ ቁጥር ለእሱ አይሠራም፤ ለአርምስትሮንግ የሚሆነውን ዘይት ብትሞሉበት ምንም እንዳልሞላችሁ ቁጠሩት።

ጎማችሁ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ይህን አድርጉ። ከአሮጌው ሲል ላይ ቁራጭ ቁረጡ፣ በካሊፐር ለኩ፣ ቁጥሩን ጻፉ። በትንሽ የጃም ጠርሙስ የመረጣችሁትን ዘይት አድርጋችሁ ቁራጩን ንከሩት፣ ክዳኑን ዝጉና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ከሳምንት በኋላ አውጥታችሁ ለኩ። ትንሽ ማበጥ ችግር የለውም። በግልጽ ከወፈረ፣ ከለሰለሰ ወይም ጣታችሁን ካጠቆረ ያንን ዘይት ተዉት።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩ ስንት ነው?

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚወናበደው፣ ምክንያቱም ጣሳዎቹ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ አንድ ዓይነት መለኪያ አይደለም። የሞተር ዘይት 20 እና የካምቢዮ ዘይት 80 ሲባል ካምቢዮው አራት እጥፍ ይወፍራል ማለት አይደለም፤ የካምቢዮው ሚዛን ሌላ ነው፣ 80ው ከሞተር ዘይት 30 ብዙም አይርቅም። ሃይድሮሊክ ዘይት ደግሞ አይኤስኦ ቪጂ በሚባል ሌላ ሚዛን ይለካል። የሞተር ሳይክል ፎርክ ዘይት ከሁሉም የባሰ ነው። ጣሳው ላይ «10» ይላል፣ የአንዱ ኩባንያ 10 እና የሌላው 10 ግን በሚገባ ሊለያይ ይችላል። የሚቆጣጠረው የለም።

መውጫው አንድ ነው። የዘይቱን የመረጃ ወረቀት ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርዱና በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስንት ሴንቲስቶክ እንደሆነ እዩ፤ ሴንቲስቶክ የውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ዘይቱ ይወፍራል። ሁሉንም ዘይት የምታወዳድሩት በዚህ ቁጥር ብቻ ነው። የአይኤስኦው ሚዛን ደግሞ ደስ የሚለው ቁጥሩ ራሱ ሴንቲስቶኩ መሆኑ ነው፤ ቪጂ 46 ማለት በ40 ዲግሪ 46 ሴንቲስቶክ፣ ከዚያ 10 ከመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢል ነው።

ኤስኤኢ 20 ዘይት በዚህ መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 70 ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ለአርምስትሮንግ ሾክ የምንፈልገው ከቪጂ 46 እስከ ቪጂ 68 ያለውን ነው። በጣም ብርድ ከሆነ ቪጂ 32ም ይታሰባል። የእኔ 20ደብሊው-50 በ40 ዲግሪ 160 አካባቢ ነበር። አሁን ሳስበው ራሴን ይዤ እስቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አለ፤ 40 ዲግሪ ለብቻው ሁሉንም አይናገርም። ዘይት ሲበርድ ይወፍራል፣ የሚወፍርበት ፍጥነት ደግሞ ከዘይት ዘይት ይለያያል። ተራ ቪጂ 46 ሃይድሮሊክ ዘይት ዜሮ ዲግሪ ላይ ከአሥር እጥፍ በላይ ወፍሮ ከ500 ሴንቲስቶክ ያልፋል። 20ደብሊው-50 በዚያው ብርድ ከ2,000 በላይ ነው። የመረጃ ወረቀቱ ላይ ቪስኮሲቲ ኢንዴክስ የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። 100 አካባቢ ከሆነ ተራ ነው። 140 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብርዱንም ሙቀቱንም የሚችል ነው። የሃይድሮሊክ ዘይት ጣሳ ላይ ኤችኤልፒ ከሚለው ይልቅ ኤችቪኤልፒ የሚለውን የምመርጠው ለዚህ ነው፤ የዋጋው ልዩነት ለአንድ ሊትር የቡና ዋጋ ነው።

ደረጃ 3፦ እጩዎቹን አንድ በአንድ

ሃይድሮሊክ ዘይት፣ ቪጂ 46 ኤችቪኤልፒ። የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ማዕድን ነው፣ የአረፋ መከላከያና የብረት መበላት መከላከያ አለው፣ የእርሻና የግንባታ መሣሪያ ዘይት የሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል። ችግሩ አብዛኛው ሱቅ በ20 ሊትር ጀሪካን መሸጡ ነው። ክሬን ወይም ሎደር ያለው ወዳጅ ካላችሁ አንድ ሊትር ለምኑት።

የሞተር ሳይክል ፎርክ ዘይት፣ 20 የሚለው። በጣም ጥሩ ነው፣ ለዚሁ ዓይነት ሥራ የተቀመመ ስለሆነ አረፋ አይወድም። ብዙ የማይነርና የኤምጂቢ ባለቤት የሚጠቀመው ይህንን ነው። ውድ ነው ግን በሊትር ይሸጣል። ሴንቲስቶኩን ሳታዩ አትግዙ።

የክሪክ ዘይት። ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው፣ ከ22 እስከ 32 አካባቢ። ለብርድ አገር፣ ወይም ሾኩ አዲስ ሆኖ ለታደሰለት ሰው ይሆናል። ያረጀ ሾክ ውስጥ ግን መኪናዋን ያዋኛታል።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት። ዴክስሮን 3 የሚባለው በ40 ዲግሪ 35 ገደማ ነው፣ ኢንዴክሱም ከፍ ያለ ነው፣ አረፋ አያወጣም። ሌላ ከጠፋ ይሠራል። ትንሽ ይቀጥናል።

የሞተር ዘይት አልመክርም። 10ደብሊው-40 እንኳ በ40 ዲግሪ ወደ 100 ይጠጋል። ከውፍረቱ ሌላ ቆሻሻን በውስጡ አንሳፎ እንዲይዝ የተቀመመ ነው፤ ሞተር ላይ ማጣሪያ አለ፣ ሾክ ላይ ማጣሪያ የለም፣ ያ ቆሻሻ በቫልቩ ሲመላለስ ይኖራል።

የካምቢዮ 80ደብሊው-90 ዘይት ደግሞ ወፍራም ከመሆኑ በላይ ለጥርስ የሚጨመርበት የሰልፈር ቅመም ናስና ነሐስ ያላቸውን ክፍሎች ሊበላ ይችላል። የምግብ ዘይት ብሎ የጠየቀኝም ሰው አለ። ለሽሮ ነው የተሠራው።

ሁለት ዘይት ቀላቅሎ መካከለኛ ማውጣት ይቻላል፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ማዕድን ሃይድሮሊክ ዘይት ከሆኑና ቢቻል ከአንድ ኩባንያ ከሆኑ። ሒሳቡ ግን እኩሌታ አይደለም። ግማሽ ቪጂ 32 እና ግማሽ ቪጂ 68 ስትቀላቅሉ 50 አይሰጣችሁም፣ 46 አካባቢ ነው የሚወጣው። ቀጭኑ ሁልጊዜ ይጎትታል።

አገሩስ?

እንግሊዝና መሰል ብርድ አገር ለምትኖሩ ኢንዴክሱ ከፍ ያለ 46 በቂ ነው፤ መኪናዋን ውርጭ ላይ የምትነዱ ከሆነ 32። አዲስ አበባ የመሰለ አየር፣ ሌሊት 10 ዲግሪ ቀን 25 ለሚል፣ 46 እንደ ልብ ነው። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አዋሽ የምትወርዱ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ አየሩ ራሱ ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ኮረኮንቹ ደግሞ ሾኩን ያሞቀዋል፣ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል። ለእንዲህ ያለው 68 ኤችቪኤልፒ ሙሉ። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁም እንደዚሁ።

ስሙ የጠፋ ዘይት ካጋጠማችሁ

የድሮ መኪና ዕቃ ገበያ ላይ ወረቀቱ የተላጠ ጣሳ «የሾክ ዘይት ነው» ተብሎ ተሸጦልኝ ያውቃል። እውነት ይሁን ሐሰት እንዴት ይታወቃል? ወጥ ቤት ገባሁ። አንድ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መግፊያውን አወጣሁና ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር ቀጭን ቱቦ ሰካሁ። የማውቀውን ቪጂ 46 እና ያንን ዘይት በሁለት ጠርሙስ አድርጌ 40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየኋቸው፣ ቴርሞሜትሩ የባለቤቴ የኬክ ነው (አልነገርኳትም)። ከዚያ እያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ስንት ሰከንድ እንደሚፈስ በስልክ ለካሁ። የማውቀው 100 ሰከንድ ፈጀ፣ ያ ሌላው 70። 46ን በ0.7 ስታበዙት 32 ይመጣል። ከቪጂ 32 ጋር የሚሄድ ዘይት ነው ማለት ነው።

ሲሪንጁን በመካከል በነጭ ጋዝ እጠቡና አድርቁ፣ ሁለቱንም በአንድ ቁመት አንጠልጥሉ። ላቦራቶሪ አይደለም፣ ግን 32 እና 100ን ይለያል። ይህ ፈተና ስለ ጎማው ምንም አይነግራችሁም፤ የጠርሙሱን ፈተና አብራችሁ ሥሩ።

አረፋውንም በዚያው ሞክሩት። ጠርሙሱን ግማሽ ሞልታችሁ ለአንድ ደቂቃ በኃይል ናጡት። ጥሩ ሃይድሮሊክ ዘይት አረፋው ቶሎ ይጠፋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላም እንደ ጠላ አረፋ የቆመ ከሆነ አትሙሉት፤ ሾክ ውስጥ የገባ አረፋ ይጨመቃል፣ ዘይት ግን አይጨመቅም፣ ክንዱም ባዶ መሄድ ይጀምራል።

አሁን ወደ ሥራው፤ ከኋላ ሾክ ጀምሩ

ከፊት አትጀምሩ። ማይነር ላይም ኤምጂቢ ላይም የፊቱ ሾክ ክንድ ራሱ ጎማውን ከላይ የሚይዘው የሰስፔንሽን ክንድ ነው። የታችኛውን ክንድ በክሪክ ሳትደግፉ ብትፈቱት ማይነር ላይ የተጠመዘዘው ቶርሽን ባር፣ ኤምጂቢ ላይ የታመቀው ሞላ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይለቀቃል። ሰው ይገድላል። የፊቱን ሳትፈቱ እዚያው እንዳለ መሙላት ይቻላል፣ ልምድ ለሌለው ሰው ያ ይበቃል።

ለኋላው የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ዝጉ፣ በክሪክ አንሱ፣ አክሱን በስታንድ ደግፉ። ክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ሥሯ አትግቡ። ከዚያ ምንም ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ሾኩን በሽቦ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አጥቡት፣ በተለይ የመሙያው ብሎን ዙሪያውን። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ገብታ ቫልቩ ሥር ብትቀመጥ ሾኩ አንድ ጎኑ አይሠራም። ይህን ሥራ ስትሰለቹ ያቺን አሸዋ አስቡ።

የታችኛውን ማያያዣ ፍቱ፣ ከዚያ ሾኩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች። ስታወጡት ቀና አድርጋችሁ ያዙት። ከሞርሳው ላይ በታሰረበት ጆሮው እሰሩት፣ ሳጥኑን ራሱን አታስጨንቁት፤ አሉሚኒየም ነው።

የመሙያውን ብሎን ከፍታችሁ ገልብጡትና ክንዱን ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረጋችሁ አሮጌውን ዘይት በነጭ ሳህን ላይ አፍስሱ። ነጭ ሳህን ያልኩት በምክንያት ነው። ጥቁር ቢሆን ያረጀ ነው፣ ግድ የለም። እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቷል። ብርሃን ላይ ስታዘነብሉት የብር ብናኝ ካብለጨለጨ ብረቱ እየተበላ ነው፣ ያ ሾክ አዲስ ዘይት ሳይሆን እድሳት ነው የሚፈልገው። ክንዱን ይዛችሁ ዘንጉን ወደ ጎን ስትነቀንቁት የሚላወስ ከሆነም እንደዚያው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ያልፋል። ወር ያስኬዳል፣ ከዚያ ያው ነው፤ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ክፍተት በዘይት አይደፈንም።

ጤነኛ ከሆነ በትንሽ አዲስ ዘይት ሁለቴ አለቅልቁት። በነጭ ጋዝ ያለቀለቃችሁ እንደሆነ ከዚያ በኋላ በዘይት አንድ ዙር ጨምሩ፤ የቀረው ነጭ ጋዝ አዲሱን ያቀጥነዋል። ትልቁን የቫልቭ ብሎን ካልቸገራችሁ አትክፈቱት። ከከፈታችሁት ስፕሪንጉና ሮንዴላው በምን ቅደም ተከተል እንደወጡ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

አሁን ቀና አድርጋችሁ በሲሪንጅ በቀስታ ሙሉ። ክንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ በዝግታ አመላልሱት። መጀመሪያ ላይ መሐል መንገድ ላይ ባዶ ይሄዳል፣ ያ አየር ነው። አረፋው በመሙያው ጉድጓድ ብቅ ብቅ ይላል። ጨምሩ፣ አመላልሱ፣ ጨምሩ። ከዚያ ትታችሁት ቡና ጠጡ፤ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ የተደበቀው አየር ይወጣል። ተመልሳችሁ አንዴ አመላልሱና እስከ ጉድጓዱ የታችኛው ጠርዝ ድረስ ሙሉት። እስከ አፉ አትሙሉት፤ ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ቦታ ካጣ በሲሉ በኩል ይወጣል።

ክንዱን በእጃችሁ ስታስኬዱት መንገዱን በሙሉ እኩል ሊከብዳችሁ ይገባል። ወደ አንዱ አቅጣጫ ከሌላው ጠንከር ቢል ችግር አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ሁለቱን ሾኮች ጎን ለጎን አወዳድሩ። እኔ የአምስት ሊትር ውሃ ጀሪካን ሞልቼ በየተራ ክንዱ ጫፍ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ከላይ እስከ ታች ስንት ሰከንድ እንደሚወርድ እቆጥራለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር የግራው ታች ሲደርስ የቀኙ ገና ግማሽ ላይ ነበር። የግራው ውስጥ አየር ቀርቶ ነው፤ እንደገና ሳመላልሰው ተቀራረቡ። ተመሳሳይ ዘይት ሞልታችሁ፣ አየሩንም አውጥታችሁ ብዙ ከተለያዩ ደካማው አርጅቷል።

ወደ መኪናው ስትመልሱት እንደ ሕፃን ቀና አድርጋችሁ ውሰዱት። ካጋደማችሁት አየር ወደ ፒስተኑ ክፍል ይገባና ያ ሁሉ ማመላለስ ከንቱ ይሆናል። የፊቶቹን እዚያው ለመሙላት ያው ሲሪንጅ ከቱቦው ጋር ይበቃል። መጀመሪያ የሚወጣውን ያህል አሮጌ ዘይት ሳቡ፣ አዲሱን ሙሉ፣ የመኪናዋን አፍንጫ እየጫናችሁ አወዛውዙ፣ እንደገና ሙሉ። አንድ ጊዜ ሁሉም አይለወጥም። ከወር በኋላ ድገሙት።

ከዚያስ?

ጭር ያለ መንገድ ላይ ሞክሯት። ጉብታ ካለፈች በኋላ አንዴ ወርዳ ተነስታ መቆም አለባት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነሳችና ከወረደች ቀጥኗል፣ ወደ ሚቀጥለው ቁጥር ውጡ። ትንንሽ ጠጠር ሁሉ መሪው ላይ ከተሰማችሁ ወፍሯል። በቀዝቃዛ ጠዋትም በሞቀ ከሰዓትም ሳትሞክሩ አትወስኑ። በማግስቱ ሥሯ ገብታችሁ ዘንጉን በደረቅ ሶፍት ጥረጉ፣ ከርጥበት በላይ ነገር ካገኛችሁ ሲሉ ሄዷል። እዚህ እንግሊዝ ከ40 ዓመት በላይ የሆኗት፣ ብዙ ያልተለወጠች መኪና ዓመታዊ ምርመራ ግዴታዋ ስላልሆነ ይህን የሚያይላችሁ ሌላ ሰው የለም።

አሮጌውን ዘይት ጀሪካን ውስጥ አጠራቅማችሁ ወደ ዘይት መሰብሰቢያ ውሰዱት። የሞላችሁትን ዘይት ስም፣ ቁጥርና ቀን ደግሞ በቴፕ ላይ ጻፉና ኮፋኖው ሥር ለጥፉ። የእኔ «46 ኤችቪኤልፒ፣ ኋላ ሁለቱ፣ ግንቦት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «20ደብሊው-50 አይሞላም» ብዬ ጽፌአለሁ፣ ራሴን ስለማውቅ።